የፓኔሉ ፕሮሰስ

ከሚኒሶታዋ ፕሊማውዝ በሚመለሰው አውቶቡስ ከኋላዬ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠዋል። እሷ የሶላር ፓኔል ዌርሃውስ ነው የምትሠራው፣ እሱ ሸምገል ያለ ጎረቤቷ ነው። ኢርፎኔ ቻርጅ ስለጨረሰ መስማት ግዴታ ሆነብኝ።

«ሰኞ ሥራ የለም አሉን፣ ጋሼ።»

«ምነው፣ ፀሐይ አለቀች?»

«ኧረ ጉምሩኮቹ ኮንቴይነሩን ፖርት ላይ ሆልድ አደረጉት። ፓኔሉ የየት አገር እንደሆነ እስኪጣራ ነው አሉ።»

«ሳጥኑ ላይ አልተጻፈም እንዴ?»

«ድሮ ቻይና ይል ነበር። ቻይና ላይ የቀረጥ ታሪፍ ሲጨምሩ ቬትናም አለ። ቬትናም ላይ ሲጨምሩ ደግሞ ላኦስ!»

«ፓኔሉስ?»

«ያው ነው! ፋብሪካው ነው አገር የሚቀያይረው።»

«በቃ ፕሮሰስ ላይ ነዋ! እኔስ ጎንደር ተወልጄ፣ ሱዳን ከርሜ፣ በኬንያ አይደል አሜሪካ የገባሁት?»

«አይቀልዱ ጋሼ። ሰዓት ከቆረጡብኝ እኮ ተመልሼ ነርሲንግ ሆም ናይት ሺፍት ልገባ ነው።»

«እሺ፣ ፓኔሉን ምን ብለው ጠየቁት?»

«የት ተወለድክ፣ በየት መጣህ፣ ወረቀትህስ?»

«ምን መለሰ?»

«ፓኔል ምን ይመልሳል!»

«እንግዲያው ያልፋል፣ አትስጊ። ኢንተርቪው ላይ የሚወድቀው ብዙ ያወራ ነው።»

«ካለፈስ?»

«ጃኬት ይዘሽ ትቀበይዋለሻ! የሚኒሶታን ብርድ የት ያውቀዋል?»

ስለዚሁ ታሪፍ አርባ ገጽ ጽፌ የተመረቅኩት እኔ፣ እነሱን ስሰማ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አሳልፌ እዚያው ቁጭ ብያለሁ።