በአባቷ ወገን ያልተቆጠረው

በአሸተን ማርያም ግርጌ ልጅ ሊድር ያሰበ ሁሉ ባንችይርጋን ሳያማክር ሽማግሌ አይልክም። ከፊደል ገበታ ብዙም አልዘለቀችም፤ የሰውን ዘር ግን እስከ ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ ትቆጥራለች። አንዴ ያለችውንም በሬ ጠምደው ቢጎትቷት አትለውጥም።

ያን ለት ከቅዳሴ ቁልቁል ስትወርድ ከጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሲስተር አሰለች ጋር ተገጣጠሙ። አሰለች የጎረቤት ልጅ ናት፤ ጉልበቷን ስማ አብራት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ትልቋ ልጅዎ ብርቅዬ እንዴት ናት፣ እትዬ?»

«ልጇን ጡት ሳታስጥል ጡቷን ቆርጠውባት እንዴት ትሆናለች? የሰው ዓይን ነው የበላት።»

«በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚጣደፍ ነቀርሳ ሲመጣ አንዳንዴ ከወላጅ የወረደ ነው። በዘራችሁ በጡት የታመመ ነበር?»

«ለእኔ ነው ዘር የምታስቆጥሪ? እናቴ፣ አያቴ፣ እህቶቼ፤ አንድም የለ።»

«በጋሼ ምሥጋናው በኩልስ?»

ባንችይርጋ ሳቀች። «ትምህርቱ ራስሽን አዞረው እንዴ? ባሌ አጥብቶ ነው ያሳደጋት?»

«ለጋብቻ ሲቆጥሩ የአባትን ወገን ይዘሉታል?»

«እንዴት ይዘለላል፤ ልጅ የሁለቱም ደም አይደል?»

«እንግዲያው ለዚህም ይቁጠሩልኝ።»

ባንችይርጋ ቆጠራውን የጀመረችው ልጅቱን ልታሳፍር ነበር። «እናቱ ደረቷን አሟት ሞተች። እህቱ አራስ ሳለች ጡቷ ቆሰለ፤ ምች ነው እንደተባለ ሞተች። ወንድሙ አረጋ…»

አረጋን እስኪሞት ያስታመመችው እሷ ናት፤ ጡቱ ጫፍ ላይ የወጣውን ቁስል በጨው ውሃ ታጥብለት ነበር። የባዕዱን ዘር ሁሉ ስታበጥር ኖራ የገዛ ባሏን ቤት ሞት አንድ ላይ አድርጋ አስባው አታውቅም።

«ወንዱም ይታመማል» አለች አሰለች ቀስ ብላ። «ባይታመም እንኳ ያወርሳል። ይህ በደሙ ካለበት ወላጅ የተወለደ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ሊወርሰውም ሊያመልጠውም ዕድሉ እኩል ነው።»

«ፋናም?»

«ፋናም።»

ፋና ታናሺቱ ልጇ ናት። ነገ የእጮኛዋ የደሳለ ሽማግሎች ዘሯን ሊያስቆጥሩ ይመጣሉ።

«ይህ ከተሰማ ማን ያገባታል? አንቺም እንዳትተነፍሺ።»

«እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም። ግን ዝም ብለው ድረዋት፣ እንደ እህቷ ልጅ ታቅፋ ብትታመምስ?»

«ብታውቀውስ ከደሟ ታወጣዋለች?»

«አታወጣውም። መጀመሪያ የብርቅዬ ደም ይመረመራል፤ ከተገኘባት የፋና። ፋና ከሌለባት ከዚህ ስጋት ተገላገለች። ካለባት በየጊዜው በመሣሪያ ትታያለች፤ ቢመጣም ሽንብራ ሳያህል ይደረስበታል። ብርቅዬን እኮ የደረስንባት ብብቷ ካበጠ በኋላ ነው።»

ባንችይርጋ ማታውኑ ለፋና ነገረቻት። ልጅቱ ብዙ አለቀሰችና «ተናገሪው፤ የሚሸሽ ካለ ነገውኑ ይሽሽ» አለች።

በማግስቱ ባንችይርጋ በሽማግሎቹ ፊት የፋናን የእናት ወገን ቆጥራ ወደ አባቷ ዞረች። አያቷን፣ አክስቷን፣ አጎቷን እየጠራች በምን እንደሞቱ ተናገረች። ምሥጋናው አቀረቀረ።

«ይህን የነገርኋችሁ ልጄን ላረክሳት አይደለም» አለች። «ያወቀ ቀድሞ ይታያል፤ ቀድሞ የታየ ልጁን ያሳድጋል። የአረጋንም ልጆች ወንድ ሴት ሳልል ወደ ሐኪም እወስዳለሁ። ደሳለም አውቆ ይምረጥ።»

የሽማግሎቹ ተናጋሪ የደሳለ አያት ቄስ ቢተው ነበሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «የእኛንስ ወገን በዚህ ዓይነት የቆጠረው አለ?» አሉ።

«የለም፣ አባ።»

«እናቴም በጡቷ ነው የሄደች። ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ባንችይርጋ ደነገጠች። በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እናትዎ ሲታመሙ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» አለቻቸው።