የአመድ ክምሩ ሙሽሪት

ክቡራትና ክቡራን፣

ክቡራን ስላችሁ አትሳቁ። እስከ ትናንት «እስቲ ያንን አካፋ ወዲህ» ስላችሁ የነበርኩ ልጅ ነኝ። ዛሬ ግን ጋቢ አልብሳችሁ፣ ወንበር ስባችሁ አስቀመጣችሁኝ። ለድካማችሁ ሁሉ፣ ዳቦውንም ለደፉልኝ ለእታለም ብርነሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ለመሆኑ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስሄድ ምን ሠርቼ ነው እንዲህ የምሸኘው? የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳላችሁ። ከጡብ ማቃጠያው የወጣውን የድንጋይ ከሰል አመድ በጋሪ እየገፋሁ ክምሩ ላይ ስወጣ፣ ጋሪው እኔን ይዞኝ ቁልቁል ወረደ። ከአመዱ ውስጥ ብድግ ስል የግቢው ውሻ፣ ያውም ጠዋት እንጀራ የሰጠሁት ውሻ፣ እየጮኸ እስከ በሩ አባረረኝ።

የመጣሁት በወንድሜ በይታየው ቦታ ነበር። አርባው እንደወጣ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘውዱ ከትምህርት ቤት መልስ ከሰዓት ከሰዓት እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ይታየው ይህን አመድ ሲዝቅ፣ ሲያስል፣ ሲዝቅ ኖሮ ነው የሞተው። ሐኪሙ ለእናቴ «ሳንባው አቧራ ጠጥቷል» ነበር ያላት።

መጀመሪያ እሱም አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍን ነበር። የነገሩኝ አብረውት ይዝቁ የነበሩት አያ ዋልልኝ ናቸው። «ሙሽሪት መጣች» እያላችሁ ስትስቁበት አፍሮ ፈታው። እኔ ያንኑ ሻርፕ ጠቅልዬ ስመጣ ደግሞ እልል አላችሁልኝ። ታዲያ እኔ ምን ክብር ኖሮኝ ልፈር? ውሻ ላባረረው ሰው ሙሽሪት መባል ሹመት ነው። ሻርፑን ሳልፈታ እዚህ ደረስኩ።

እውቀቴም ከጉልበቴ አይሻልም። የአሥራ አንደኛ ክፍል የኬሚስትሪ ተማሪ ሆኜ፣ እንደ እናንተው አመዱን በጆንያ ተሸክሜ ለእናቴ ጓሮ ወሰድኩ። አመድ ለጓሮ ደግ ነው ሲባል ሰምተን አይደል ያደግነው? ያ ግን የማገዶ አመድ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። እናቴ አልጮኸችብኝም። «ልጄን የጨረሰውን ነው ለጓሮዬ ያመጣህልኝ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲህ ነው ከክምሩ ባሻገር ማየት የጀመርኩት። ነፋስ ሲነሣ የማዶው ገብስ ግራጫ ይለብሳል። አምና ክረምት ጎርፍ አመዱን ጠርጎ ወንዝ ሲያስገባው፣ ከብቶቹ ውሃውን አሽትተው ተመለሱ። ወንዙ ደግሞ እኛ ጋ አይቆምም፤ ከታች ሰው ይቀዳዋል። ክረምቱም ይኸው እየመጣ ነው።

ይህንን ለአቶ ዘውዱ ልነግራቸው ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድኩ። ቢሯቸው ስገባ ሁሉም ጠፋብኝና «ውሃ» ብቻ አልኩ። «ጠማህ?» ብለው አንድ ብርጭቆ ሰጡኝ። ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመዱን ማርጠቢያ የውሃ ጎማ የጠየቅኳቸው በማግስቱ ነው። አስመጡልን። በክምሩና በወንዙ መካከልም ከክረምቱ በፊት ቦይ እንደሚያስቆፍሩ ቃል ገብተዋል። አቶ ዘውዱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሰው ፊት ያነሣሁት እንዳይረሳ ብዬ ነው።

ጎማው ግን ከመጣ ጀምሮ እንደተጠቀለለ ነው። የራሰ አመድ ይከብዳል ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ይከብዳል። የይታየው ሬሳ ሣጥን ግን እንዴት ቀላል እንደነበረ የተሸከማችሁት ታውቁታላችሁ።

ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ የሚመርቋት ሽማግሌዎች ናቸው። የእናንተዋ ሙሽሪት ግን ራሷ ትመርቃለች። ደረታችሁን ያጽዳላችሁ። ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ሳቁ እንጂ አትሳሉ። ከብቶቻችሁ ከወንዙ ጠጥተው ይርኩ፤ ከታች ያሉትም እኛን እያሰቡ ይመርቁን እንጂ አይርገሙን። ለእኔም ለፈተናው ጸልዩልኝ፤ ከወደቅሁ ተመልሼ ጋሪ መገልበጤ ነው፣ ውሻውም አልረሳኝም።

አያ ዋልልኝ፣ አንድ ልመና ቀረችኝ። የይታየው ሻርፕ ይኸው፤ እናቴ አጥባዋለች። ለእርስዎ ትቼው ልሂድ። አይደለም፣ አንገትዎ ላይ አይደለም። ከፍ ያድርጉት፤ አፍንጫዎንም ይሸፍኑት። እንዲያ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ እልል በሉላቸው።