ሞተው የተመለሱትን ላዳመጡት ለማዳም ኦዲል

የፔኬት አረቄያችሁን ያዙ እንጂ ገና አትጠጡ! ይህን ንግግር ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የማታ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው፤ በሊዬዥ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ በር ጠባቂ ካለ ይነሳ። ይኸው፣ የለም።

ማዳም ኦዲል ለምርምራቸው እዚህ መጀመሪያ የመጡ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ "ስምህ ማነው?" አሉኝ።

"ፊርሜን።"

"ፊርሜን፣ ከነገ ጀምሮ ሞተው የተመለሱ ሰዎች ይመጣሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላክልኝ።"

"በበሩ ነው የሚገቡት ወይስ በግድግዳው?"

አልሳቁም። "እኚህ ሴትዮ ወር አይቆዩም" ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ይኸው አብረን አረጀን።

ሥራቸውን ታውቃላችሁ። ልቡ ቆሞ የዳነ ሰው ያየውን ይናገራል፣ እሳቸው ይቀዳሉ፣ ረዳታቸው ዮሪስ ደግሞ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚደጋገም በኮምፒውተሩ ይፈልጋል። አንጎል ሲደክም ንቃተ ኅሊና ይጠፋል ወይስ ይቆያል? ጥያቄው ይህ ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ለተናጋሪው ቃል ማቀበል ክልክል! "ብርሃን አዩ?" ብለህ ከጠየቅህ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የአንተን ብርሃን ነው።

ችግሩ፣ ሕጉ ምሳ ቤትም ገባ።

"ማዳም፣ ድንች ጥብስ ይጨመርልዎት?"

"ፊርሜን! ድንቹን አፌ ውስጥ ከተትክብኝ እኮ!"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"'ምን ተሰማዎት?' በለኝ።"

"እሺ፣ ምን ተሰማዎት?"

"ድንች።"

ዮሪስማ ሚስቱን "ትወጂኛለሽ?" ማለት ትቶ "ስለ እኔ በራስሽ ቃል ንገሪኝ" አላት። የነገረችውን እዚህ አልደግመውም።

አሁን ሁላችሁም በእሳቸው ፊት የማታነሱትን ልናገር። ሰኞ ሐኪሞች የማዳም ኦዲልን ልብ አቁመው ይጠግኑታል። እናንተ ጅሎች ደግሞ "ሲነቁ መጀመሪያ ማን ይቅዳቸው?" ስትሉ ሰነበታችሁ። ዮሪስ፣ አትደበቅ! እኔም "ድምፄ ከሁላችሁ ያምራል" ብዬ ተሰልፌ ነበር።

ትናንት በሩ ላይ፣ "ፊርሜን፣ ምንም ሳላይ ብመለስስ?" አሉኝ። እኔም "ጃንጥላዎን አይርሱ" ብዬ ሸኘኋቸው።

መልሱን ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ማዳም፣ ቤተሰቡ "ቃዥተህ ነው" ያለው ሰው ሁሉ ከእርስዎ ክፍል ሲወጣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ አይቻለሁ። ለዚህም እናመሰግንዎታለን።

ለዛሬ ግን አንቺ ልበልሽ። ኦዲል፣ ምንም ሳታዪ ነይልን። ብርሃኑም ይቅር፣ ሰዎቹ አየን የሚሉት ዋሻም ይቅር። ለጥናቱ ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ላንቺ ግን ምትክ የለንም። ተኚ፣ ንቂ፣ በሆስፒታሉ ሾርባ ተነጫነጪ። ማክሰኞ አልጋሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አንድም ነገር አልጠይቅሽም።

ለኦዲል ልብ፣ ጠጡ!