የአሮጌው ጌም ማጫወቻ ነገር

«እማዬ፣ ያልተበላሸ ነገር ለምን ይዘጋል?»

ልጅቷ ይህን የጠየቀችው እናቷ ያነበበችውን ስትነግራት ነው። እናትየው በማታ ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው በቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው ማስታወቂያ ነበር፤ ኩባንያው አዲስ የጌም ማጫወቻ ስላወጣ ለአሮጌው የሚሰጠው የኢንተርኔት አገልግሎት በወሩ መጨረሻ ይቋረጣል ይላል። ምነው ባላነበብኩት አለች በልቧ። ልጅቷ በሳንባ ሕመም ከቤት መውጣት ካቆመች ቆይታለች። ጓደኞቿ የሚመጡላት በዚያ ማጫወቻ ነው፤ አብረዋት ይጫወታሉ፣ በጆሮ ማዳመጫው ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ። አዲሱን መግዛት ደግሞ በእናትየው አቅም የሚታሰብ አይደለም።

በማግስቱ ጣሪያው ላይ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እዚያው ኩባንያ ከሚሠራው ኢንጂነር ጎረቤቷ ጋር ተገጣጠመች። ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስ ጀመረችው።

«አንተ ልጅ፣ በልጄ ጓደኞች ላይ በር ልትዘጉ ነው አሉ።»

«እትዬ፣ ብቻዬን እኮ አይደለም የምዘጋው» አለ፣ የእርጥቡን አንሶላ ጫፍ ይዞ አብሯት እየጠመዘዘ። «አሮጌውን የምንጠብቀው ጥቂት ሰዎች ነን። አዲሱም ሰው ይፈልጋል። ሁለቱንም እንያዝ ካልን ሁለቱም ይበላሻሉ።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ሸጣችሁልን? ያኔማ ፊታችሁ በርቶ ነበር።»

«ይስሙኝ እስቲ። ጠባቂ የሌለው በር ክፍት ቢቀር ይወዳሉ? ቀዳዳውን የሚደፍን ከሌለ የማይታወቅ ሰው ሾልኮ ገብቶ ልጅዎን ሊያነጋግር ይችላል።»

እናትየው ይህን አላሰበችውም ነበር። እውነት ለመናገር የኢንጂነሩ ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ ማንም ሠራተኛ ትናንት የሠራውን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ሊኖር አይችልም። ቢሆንም መሄድ የግድ ሲሆን የአካሄድ ወግ አለው።

«እሺ ሂዱ» አለች ቀስ ብላ። «የማታው አስተማሪያችንም ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ሲሄድ ግን የክፍሉን ቁልፍ ለእኛ ሰጥቶ ነው። አሁን በንባብ የገፋነው ያልገፉትን እናስነብባለን።»

«እርስዎ ከየትኞቹ ነዎት?»

«ከሚያስነብቡት ነኛ። ምን ያስቅሃል?» አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችው። «ማጫወቻዎቹስ ያለ እናንተ እርስ በርስ መገናኘት አይችሉም? ልጄ የምታውቃቸውን ብቻ ታስገባ። ጥበቃውን ለእኔ ተውልኝ።»

ኢንጂነሩ ሳቁን ተወ። «አንድ የመጨረሻ ማሻሻያ ሠርተን ወደ ማጫወቻዎቹ ከላክን ይቻላል። አለቆቻችን ግን ጨርሱ ብለውናል።»

«ንገራቸዋ። ትናንት የገዛቸውን ሜዳ ላይ ጥለውት ሲሄዱ የሚያይ ሰው ነገ አዲሱን አምኖ ይገዛቸዋል?»

«ይህስ እውነትዎን ነው» አለ። «እስከ ዛሬ መዝጋቱን ብቻ ነበር የምናስበው።»

ሐሳቡን ለአለቆቹ አቀረበ፣ ተከራከረ፣ አስፈቀደ። የመዝጊያው ቀን ተራዘመ፣ ለሰዉም አስቀድሞ ተነገረ። ማሻሻያው ሲላክ ኩባንያው ከጥበቃ ድካም አረፈ፤ ሰዎቹም የገዙትን አላጡም፤ ማጫወቻዎቹ የሚተዋወቁትን ብቻ ያገናኙ ጀመር።

አሮጌውን ይዞ የነበረው የኩባንያው ክፍል ሥራው በማለቁ ተበተነ፤ ኢንጂነሩም እንጀራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ከልጅቷ ጓደኞች አብዛኞቹ አዲሱን ገዝተው ወደዚያ ተሻገሩ። አንዲት ብቻ በአሮጌው ከልጅቷ ጋር ቀረች።