በገበር የተከፈነው ተክል

— ሄሎ... ሄሎ! ማን ልበል? ... ውይ፣ የእህቴ ልጅ! ቆይ፣ ማሽኑን ላቁም፣ አያሰማኝም... እሺ፣ አሁን ተናገሪ። ... እኛማ ደህና ነን። አክስትሽም ደህና ናት። ለጎረቤታችን ሱሪ እየለካሁለት ነው።

— ተክሉ? ... የትኛው ተ... አዎ፣ አዎ፣ ያንቺ ተክል! እንዴት ያለ ደህና! ጓዳ መስኮቱ ሥር ጉብ ብሏል። ምን የመሰለ አረንጓዴ፣ ዓይን ይስባል ስልሽ! ... ሄሎ? ... ትሰሚኛለሽ? ... እንዴ! ታለቅሻለሽ እንዴ?

— ኧረ ምን አልኩሽ? ለመለመ አልኩ እንጂ... ውሃማ አላጠጣነውም! ጠብታ እንዳይነካው ብለሽ የለ? ... ታዲያ እንዴት ለመለመ? እሱማ... እንግዲህ ተክል አይደል፣ በራሱ ጊዜ... — አንተ ሰውዬ፣ ቁም በቃ! እግርህ ላይ እስፒል አለ! ... አንቺን አይደለም ልጄ፣ ጎረቤትየውን ነው።

— እነማን ናቸው የሚመጡት? ... ፈታኞቹ? ዛሬ? እኔ ቤት? ... መኪና ውስጥ አብረውሽ ናቸው? ... ከኋላ ወንበር ሆነው እየሰሙን ነው?! ... ጤና ይስጥልኝ በያቸዋ!

— እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ደርቆ ነው ማየት የሚፈልጉት። ከስሎ፣ ጠውልጎ፣ አለቀለት እስኪባል። ... ከዚያ ፊታቸው ውሃ ታጠጪውና ይነሳል። ... ነግረሽኛል፣ አልካድኩም። ግን የሞተ ተክል ይነሳል ስትዪኝ፣ የተማረ ሰው አነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት። ... ካልተነሳስ ምን ያደርጉሻል? ... ጥናቱ ይዘጋል? የደከምሽበት ሁሉ? ... ወይ ጉዴ! ወይ ጉዴ ዛሬ!

— ስሚኝ። አትቆጪ። አጎትሽ ዋሽቷል። ይሄ መስኮቱ ሥር ያለው ያንቺ አይደለም፤ እኔ ከመንገድ ዳሩ አትክልት ሻጭ መርጬ ያመጣሁት ነው፣ ቁርጥ ያንቺን የሚመስል። ... ያንቺማ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ... ያንቺማ አርፏል።

— ሞተ ልጄ! ተኮማተረ፣ ብነካው እንደ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። ከሰው አገር ጥናት ስትመለሺ ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ተካሁት። ... ምን ያስቅሻል? ... አሁን ደግሞ እልልታ! ... ከኋላ የሚያጨበጭበው ማን ነው? ... ፈታኙ? ከምን ዓይነት ሰዎች ጋር ነው የዋልሽው አንቺ ልጅ!

— የት ነው ያለው? እሱማ... ቀበርነው። ... ቀበርነው ነው የምልሽ! ጓሮ፣ ከቃሪያው መደብ አጠገብ። ታዲያ አደራ የተባለ ነገር ቆሻሻ ላይ ይጣላል? ከኮት የተረፈ ጥቁር ገበር ነበረኝ፣ በልኩ ቆርጬ ሰፋሁለት፣ ጠርዙንም ዘመዘምኩት። አክስትሽ አነባች። ይሄ ጎረቤቴም ነበር፤ ስለ ሕይወት አጭርነት ትንሽ ተናገረ። ትንሽ እንኳ አይደለም፣ አረዘመው። ሱሪው የዘገየበትም በዚሁ ነው።

— ላውጣው? አሁኑኑ? ... እሺ። — ወዳጄ፣ ሂድና ቆፍር! ... የቀበርነውን ነዋ! ... ሱሪውንማ እንዳታወልቅ፣ በእስፒል ነው የቆመው። እግርህን ከፈት አድርገህ ተራመድ። አካፋው ከበሩ ኋላ ነው።

— እሱ ሲቆፍር እስቲ አስረጂኝ፤ ይሄ መነሳት እንዴት ነው? ... ዘር? ... ዘርማ ደርቆ ከርሞ ውሃ ሲያገኝ ይበቅላል፣ ማን ይክዳል። ... በዱሮ ዘመን፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ይሄኛው የዘሩን ብልሃት ለቅጠሉ አዋሰው? ... እና ቅጠሉ ራሱን ዘር ነኝ ብሎ ያስባል! ... የእኛም ሰብል ብልሃቱ በዘሩ አለ፣ ቅጠሉ ላይ ሲደርስ ግን ይተኛል። አንቺ እሱን ልትቀሰቅሺ፣ ሰብሉ ድርቅ እንዲችል። ... እኔ ደግሞ ልግመኛ ተክል ነው ብዬ አማሁት። አፌን በቆረጠው!

— አዎ፣ በየቀኑ አየው ነበር። በመሃል እንኳ አንዴ አገግሞ ነበር። ... አገግሞ ስልሽ! ጠዋት አለቀለት ብዬ ትቼው ወጣሁ፣ ከሰዓት ስመለስ ለምልሞ ጠበቀኝ። በኋላ ነው አገርሽቶበት የሞተው። ... ያለ ውሃ ነዋ! ... አይቻልም? በዓይኔ አይቼ እንዴት አይቻልም? ... ያለ ውሃ በፍጹም? ... የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ጠብታ አልሰጠሁትም! ... አክስትሽን? ቆይ ልጥራት።

— እሜቴ! ነይ እስቲ! ... ይቺ ልጅ፣ ተክሉን ያጠጣው ሰው አለ ትላለች። ... አላጠጣሽም? ታዲያ ምን ያስቀረቅርሻል? ... ተናገሪ እንጂ፣ የልጅቷ ድካም ገደል ሊገባ ነው! ... ምን አልሽ? ... አንቺም?!

— ሄሎ... አለሽ? አክስትሽ ቀድማኛለች። ... ያንቺው ሲደርቅባት፣ እኔ እንዳላዝን ብላ፣ ስወጣ ጠብቃ ቀይራዋለች። ... ከዚያው ከአትክልት ሻጩ! ሰውየው ሁለታችንንም ሲሸኘን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ... አዎ፣ እኛ በውሃ ጥም የገደልነው እሷ ያመጣችውን ነው። እሱ ምስኪን መነሳት መች ያውቃል!

— አትጩኺ፣ እየጠየቅኋት ነው! — የመጀመሪያውንስ የት አደረስሽው? ... ጣልሽው? ... አልጣልሽውም? ... ቁምሳጥኑ አናት ላይ? በሻሽ ጠቅልለሽ? የሞተ ነገር ለምን ታስቀምጫለሽ? ... ልጄ፣ «ሆዴ እንቢ አለኝ» ትላለች። ... ፍጠኚ፣ አውርጂው! ቀስ! ቀስ ብለሽ!

— መጣ... እየፈታችው ነው... ደርቋል! ኩምትር ብሏል፣ እፍ ብትዪው የሚበን! ... እውነቴን ነው፣ ቅጠሉም አልጎደለም። ... በቃ፣ አታልቅሺ፤ እኔንም አስለቀስሽኝ እኮ። — ራቂ አንቺ ሴትዮ! እንባሽ እንዳይነካው፣ ውሃ ነው እሱም!

— ክላክሱ የእናንተ ነው? ... በር ላይ ደረሳችሁ? መጣሁ። ... ቆይ፣ ጎረቤታችን ከጓሮ ብቅ አለ፤ ከነገበሩ ታቅፎታል፣ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ... — ወዳጄ፣ መልሰው። ... መልሰው አልኩህ፣ ያንን አይደለም! ... ማን ነው? እኔ ምን አውቃለሁ! ... ሄሎ፣ ልጄ፣ ፈታኞቹን በፊት ለፊት አስገቢያቸው፣ ወደ ጓሮ እንዳያዩ። ሰውየው ንግግሩን ከመጀመሪያው ሊጀምርለት ነው። ... አይ፣ ተይው፣ ይናገርለት። ያንቺውማ ገና ይነሳል። ለካ የቀበርነው ትክክለኛውን ሟች ነው... በሩን ልክፈት፣ ዘጋሁ።