የሕንድ ሴቶች ወተትና የእኛ ማር

ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ሕንድ አገር ሠልጥኖ የመጣ አንድ የኅብረት ሥራ ባለሙያ ከኋላዬ ለተቀመጡ እናት ያወራል።

«ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ወተታቸውን ይዘው ይሰለፋሉ።»

«አንድ ላም ብቻ ያላትም?»

«አዎ እማማ። የሁሉም ተለክቶ ይቀላቀልና ከተማ ድረስ ይሄዳል።»

«እንደ ወንዝ በለኛ!»

«እንደ ወንዝ።»

«እኔ ሦስት ቀፎ አለኝ። ይቺ ልጄ ግን ማሩ አያኖረንም ብላ ዓረብ አገር መሄዷ ነው። ልሸኛት ነው የመጣሁ።»

«ጎረቤቶችዎስ ቀፎ አላቸው?»

«የሌላት የለችም። የእኛም ማር ቢቀላቀል እንደዚያ ይሄዳል?»

«ይሄዳል። ግን የሚጽፍ፣ የሚያስተባብር ሰው ያስፈልጋችኋል።»

ልጅቷ ከመስኮቱ ፊቷን መለሰች።

«እማ፣ እኔ እኮ መጻፍ እችላለሁ።»

ሰቆጣ ደርሰን ሰዉ ሁሉ ሲወርድ፣ እኔ ወደ ዓረብ አገር ይቀጥል ይሆን ወይስ ወደ ቤት ይመለስ እያልኩ ዓይኔን የልጅቷ ሻንጣ ላይ ተክዬ ቀረሁ።