የማትታየው ፕላኔት ምስክር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ለተቀመጡ ሽማግሌ ስታወራ ሰማሁ።

«ሕክምና ትቼ የከዋክብት ሳይንስ ልማር ነው። ዛሬ ለአባቴ ልነግር ነው፤ ፈርቻለሁ።»

«ኮከብ ልትቆጥሪ?»

«ኧረ አባባ! ሩቅ ያሉ ፕላኔቶችን ልፈልግ ነው።»

«ይታያሉ?»

«አይታዩም። አንድ ኮከብ በሌላው ፊት ሲያልፍ ስበቱ የኋለኛውን ብርሃን ያደምቀዋል። የፊተኛው ኮከብ ፕላኔት ካለችው ደግሞ ብርሃኑ ለአፍታ ይበልጥ ቦግ ይላል።»

«ቢያመልጥሽስ?»

«አይደገምም። ግን በየአገሩ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል።»

«ወላሂ፣ እኛ አገር ሐርቡ አንድ ሰው የረመዳንን ጨረቃ አየሁ ካለ አገሩ ሁሉ ይጾማል! ለአባትሽ ይህንኑ ንገሪው።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ!»

«ምሳ ካለ እንውረድ።»

እየሳቁ ተከታትለው ሲወርዱ፣ እኔ በልቤ ዱዓ ያደረግሁት ሁለቱን ለሚጋፈጠው ለአባቷ ነበር።